የኤግዚቢቱ ሙክት

እኔ ሲጨንቀኝ ነው የምስቀው። ልቅሶ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሮጬ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እናቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን በሳቋ ሰው ታጋድላለች» ትል ነበር። የሠርጌ መልስ ዕለት ቃሏ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ቤታችን ዳባት ነው፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የገብሱ ማሳ የሚጀምርበት ላይ። ከኛ ቀጥሎ የክርስትና እናቴ ቤት አለ። ባሏ የሞተባት፣ ጥቂት በጎች ያሏት፣ ቀልድ የማይጠፋባት ሴት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የአባቴ የልጅነት ባልንጀራ ይኖራል። ሁለቱ ወንዶች አብረው ዳዊት የደገሙ፣ አብረው ያረሱ፣ በኋላ ደግሞ በአንድ በግ የተኳረፉ ናቸው።

በጉ ግልገል ሳለ ክረምቱን ከጎረቤታችን መንጋ ጋር ከረመ፤ በጋውን ከኛ ጋር ዋለ። ያኔ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አድጎ ሙክት ሆኖ ላቱ መሬት መጥረግ ሲጀምር ነው ሁለቱም የኔ ያሉት። እኛ ሰፈር በግ የሚለየው በጆሮው ነው። አባቴ የግራውን ጆሮ ጫፍ ይቆርጣል፤ ጎረቤታችን የቀኙን ይሰነጥቃል። የክርስትና እናቴ ምንም አታደርግም፤ «የኔን በግ እግዜር ያውቀዋል» ትላለች፤ በየጊዜውም አንዱ ይጠፋባትና ጅብ በላብኝ ብላ ትተወዋለች። ይኸ ሙክት ግን የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ፣ የቀኙም የተሰነጠቀ ነበር። አባቴ «ቀኙን አጥር ቀዶት ነው» አለ። ጎረቤታችን «ግራውን ውሻ በልቶት ነው» አለ። ክሱ ዳባት ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ መጥቶ የበጉን ጆሮዎች በየተራ እየገለበጠ አየ፤ የሰውን ቃል ተቀበለ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረና «ከዛሬ ጀምሮ ይኸ በግ ኤግዚቢት ነው» ብሎ አወጀ። ጣቢያው በግ ማሳደሪያ ስላልነበረው ሁለቱም ወገን ለሚያምናት ለክርስትና እናቴ በአደራ ተሰጠ። ገና ግቢዋ ሲገባ ጩኸቱን አቁሞ ሄደና አሮጊቷን እናት በግ ተጠግቶ ተኛ። እሷም አተላና የገብስ ቆሎ እያበላች አደለበችው። የሰፈሩ ሕፃናት «ኤግዚቢት! ኤግዚቢት!» ብለው ሲጠሩት እየሮጠ ይመጣ ነበር። በአገራችን የመንግሥት አደራ እንዲያ ሲወፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይኸ ሁሉ ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን አባቴ የአያቴን ምንሽር ከቆጥ አውርዶ በቅባት መወልወል ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ጎረቤታችንም የራሱን ጠመንጃ ትከሻው ላይ ሳያንጠለጥል ውሃ እንኳ አይወርድም። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ከሠርጌ በኋላ ባለው ሳምንት ላይ ስለነበር ሁለቱም «ሠርጉ ይለፍና» ይሉ ነበር። ሠርጉ ሲያልፍ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አጎቴ በወሰን ተጣልቶ ሰው ገድሏል። የተጣሉበት መሬት በሬ ቢተኛበት ጭራው የሚተርፍ ነው። አጎቴ ጎንደር ወኅኒ ገብቶ ሸበተ፤ ሚስቱ ከብቶቿን ለካሳ ነድታ ሰጠች፤ ልጆቹ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚያው ቀሩ። የሟች እናት በደጃችን ባለፈች ቁጥር እናቴ ላለመታየት በሩን ትዘጋ ነበር። አባቴም በዚያው መንገድ ሲሄድ እያየሁት ነበር፤ የሚጠብቀው ደግሞ የኔን ሠርግ ማለፍ ብቻ ነው።

ሙሽራዬ ፖሊስ ነበር፤ የደባርቅ ጣቢያ ፖሊስ። ለጥምቀት ሰው ሊያስተናግድ ዳባት መጥቶ ነው ያገኘሁት። ምእመኑን በጥብቅ ወደ ኋላ ሲገፋ ነፋስ ባርኔጣውን አንሥቶ ካህናቱ መሃል ጣለው፤ ሳቅሁበት፤ ተቆጥቶ መጣ፤ ከቁጣው በኋላ ስሜን ጠየቀኝ። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ፊቱ በራ፤ ፖሊስ አማች ካገኘሁ በጉ የኔ ነው ብሎ። ጎረቤታችን ደግሞ በየጠላ ቤቱ «ልጁን በበግ ዳራት» እያለ አወራ። ሙሽራዬ ግን ገና ከጅምሩ «አባባ፣ የዳባት ጉዳይ እኔን አይመለከትም። ባየውም ለማንም አላደላም» ብሎ አባቴን አስኮረፈ። የዚያን ዕለት ነው እርግጠኛ ሆኜ የወደድሁት።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ጎረቤታችን ተጠርቶ መጣ፤ ባይጠራ ነውር፣ ቢቀር ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ዳሱ ውስጥ እሱና አባቴ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላው ይገፋል፤ ሌላው ሲዘረጋ አንዱ ይገፋል፤ አግዳሚው እየተንቀጠቀጠ የእንግዳ ጠላ ይደፋል። እኔ በመጋረጃው ውስጥ ሆኜ እያየሁ ሳቄን ስለቀው ሴቶቹ «ሙሽራ እንዲህ አትስቅም» ብለው ቆነጠጡኝ። ከዚያ ደባርቅ ወሰዱኝ፤ ማክሰኞ ለመልስ ተመለስን።

እንግዲህ በኛ አገር ሚዜ መስረቅ አለበት። ከሙሽራይቱ ዘመድ ቤት ዶሮ ወይም ሳፋ ወይም ዋንጫ ሰርቆ ካልመጣ ሚዜ አይባልም። የተሰረቀበት ሰው ይሳደባል እንጂ አይከስም፤ እንዲያውም ብዙ ዘመድ አውቆ አንዲት ዶሮ ግቢው ውስጥ አስሮ ይጠብቃል። ሚዜ ያመጣውን ደግሞ ከየት አመጣኸው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ችግሩ የኔ ሙሽራ ሚዜዎች ሦስቱም ፖሊሶች ነበሩ። ከደባርቅ የመጡ ናቸው፤ የዳባትን የበግ ክስ አልሰሙም። ዋናው ሚዜ የዛሪማ ልጅ ነው፤ ስለ ሌባ የማያውቀው ነገር የለም። ለጓደኞቹ እንዲህ ብሎ አስተማራቸው አሉ፦ «ዶሮ ትጮሃለች፤ በዶሮ የሚያዝ ሌባ ጀማሪ ነው። በግ ግን ጨው ካላሳችሁት ዝም ብሎ ይከተላል።»

የዘመድ ቤት ጠየቁ፤ ሰው የክርስትና እናቴን ቤት አሳያቸው። እሷ እኛ ግቢ ድስት ታማስላለች። ግቢዋ ገብተው ቢያዩ፣ የደለበ ሙክት፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረለት፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሌላ ምን ያስቡ? የሙሽራይቱ ክርስትና እናት እንዲሰረቅላት አስጊጣ ያቆመችው መሰላቸው። ዋናው ሚዜ «እንዲህ ያለ ጨዋ ዘመድ አይቼ አላውቅም» ብሎ ከመገረሙ የተነሣ በሩን ሲወጡ ተሳልሟል።

ከቤታችን ጀርባ አረዱት። ጭንቅላቱን የኛ ውሻ አንሥቶ ሄደ፤ በዚያው የክሱ ማስረጃ ሁለቱ ጆሮዎች አለቁ። ሥጋውን ወደ ማብሰያው አስገቡት፤ የክርስትና እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ተቀብላ ከተፈችው፣ ቀቀለችው፣ ጨው ቀመሰችለት። ዳሱ ውስጥ ያን ዕለት የነበረው ደስታ አይነገርም። ጎረቤታችን አንዱን ጎድን ጨርሶ «ይኸን ያደለበ እጅ ይባረክ» አለ። አባቴ ከጀርባው ሆኖ፣ ለማንም እንዳልተናገረ መስሎ፣ «አሜን» አለ። ከወራት በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነበር። መርማሪው ሃምሳ አለቃም ተጠርቶ ነበርና ደጋግሞ በላ። ዋናው ሚዜ ቀዩን ጨርቅ ዱላው ጫፍ ላይ አስሮ እስክስታ ወረደ፤ ሃምሳ አለቃው ከፊቱ ቆሞ ትከሻውን እያርገፈገፈ ተቀበለው። ጨርቁን በገዛ እጁ ያሰረው ሰው ነው እንግዲህ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የክርስትና እናቴ በጎቿን ልታስገባ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ኡኡታዋ ተሰማ። «የመንግሥት በግ! ኡኡ! የመንግሥት በግ ተሰረቀ!»

አባቴና ጎረቤታችን ዘወር ብለው ፊት ለፊት ተያዩ። «ማስረጃውን አጠፋህ!» አለ አባቴ። «አንተ ነህ ያጠፋኸው፣ በፖሊስ አማችህ!» አለ ጎረቤታችን። ሁለቱም ጠመንጃቸው ወዳለበት ሮጡ። እናቴ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ የጎረቤታችን ሚስት ባሏን ወገቡን ይዛ ተጎተተች። ሳቄ መጣ። በሙሽራ ልብስ፣ ዳሱ መሃል ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። ጎረቤታችን «ይኸው! ትስቃለች! ያውቃሉ!» ብሎ ጮኸ።

በዚህ መሃል ሚዜዎቹ ፖሊስ መሆናቸው ትዝ አላቸው። ዋናው ሚዜ ዱላውን ከፍ አድርጎ «ማንም ከግቢ አይወጣም! ሌባውን እኛ እንይዛለን!» አለና የክርስትና እናቴን በጥንቃቄ ይጠይቃት ጀመር።

«እማማ፣ በጉ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው ልጄ፤ ፊቱ ጥቁር።»

«ሌላ ምልክት?»

«አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አለው» አለችና ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ዱላው ጫፍ ወጣ።

እሱም ቀና ብሎ ጨርቁን አየ። ከዚያ ሃምሳ አለቃው አየው። ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ከሳቄ ብዛት መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ሚዜው ዱላውን ቀስ ብሎ ከኋላው ደበቀ። ከሦስቱ በቀር ያየ ሰው ግን አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሁለቱን አዛውንቶች ይዞ ይታገላል። የአገር ሽማግሌዎች መሃል ገብተው በእግዜርና በሚካኤል ለምነው «ጠዋት አውጫጭኝ እንቀመጣለን፤ እስከዚያ ጠመንጃ የነካ ከአገር የተለየ ይሁን» ብለው አሳደሩን።

ሙሽራዬ ከሚዜው ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ኤግዚቢት የበላ ፖሊስ ከሥራው ይባረራል፤ ይታሰራልም። «ዝም ብንልስ?» አለ አንዱ ሚዜ። ሙሽራዬ ወደኔ ተመለከተ። «ዝም ካልን አባቷ ወይ ይሞታል ወይ ይገድላል» አለ። እኔ በዚያች ሰዓት አልሳቅሁም።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው፤ የሰፈሩ ሰው አንድ ሳይቀር አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌ በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እሳቸውም ማን እንደነገራቸው ሳይገልጹ «ወፍ ነገረችኝ» ይላሉ። ረቡዕ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃው ሊታዘብ መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል፤ ማንንም ቀና ብሎ አያይም። አባቴና ጎረቤታችን በሰው ብዛት ተለያይተው ተቀምጠዋል።

ሹክ የሚል ሳይነሣ ሙሽራዬ ብድግ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠ።

«አባቶቼ፣ ወፍ አታድክሙ። ሌባው እኔ ነኝ። ሚዜ የሚሰርቀው ለሙሽራው ነው። በጉን ትናንት አረድነው፤ እናንተም በላችሁት።»

ከዚያ የክርስትና እናቴ «ወይኔ! ጨው የቀመስሁለት?» ስትል ሰማን። አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሌላው ተከተለ። ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ መትተው ዝም አሰኙ።

«ሌባ ተገኝቷል። ግን የተሰረቀ የበላ ሊፈርድ አይችልም። ያልበላ ወዲያ ይለይ፣ እሱ ይፍረድ» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሃምሳ አለቃው ወደዚያኛው ወገን አንድ እርምጃ ሄደና ትዝ አለው መሰል ተመለሰ። ተለይተው የቆሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ዳባት ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ። እሳቸው እስላም ስለሆኑ ለብቻቸው በታረደ፣ ለብቻው በተሠራ ድግስ ነው የተስተናገዱት። የአባቴም የጎረቤታችንም ወዳጅ ናቸው።

«ፍረዱ ሐጂ» አሏቸው ሽማግሌው።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዴ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ፍርድ አላውቅም። ሚዜ በመስረቁ አይከሰስም፣ ይኸ የአገሩ ደንብ ነው፤ የመንግሥቱን ደግሞ መንግሥት ያውቃል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በጉ የማን ነው አልላችሁም። ይቺ ልጅ ተዳረች፤ ሰው በልቶ ጠጥቶ መረቃት። እንዲያው ለመሆኑ ያረደላት ማን ነው? በጉ የኔ ነው የሚል፣ ያረደላትም እሱ ነው። በሉ፣ አሁን የኔ ነው በሉ።»

ከዚያ ጎረቤታችን ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለና «የኔ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን የትናንቱ አልነበረም። «የኔ ነው፤ ያረድሁላትም እኔ ነኝ። በእጄ ያደገች ልጅ ናት።»

አባቴ ዘለለ። «የለም! ለልጄ ያረድሁ እኔ ነኝ! አንተ በልተህ ነው የሄድህ!»

«እኔ ነኝ እንጂ!»

«እኔ ነኝ!»

እንደገና ተጯጯሁ፤ ከቀድሞው ይብስ ተጯጯሁ። ሰው ግን እየተንከባለለ ይስቅ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የሳቅሁትን እንኳ ማንም አልሰማኝም። ሐጂ በሁለቱ መሃል ገብተው «በቃ፣ ሁለታችሁም አርዳችኋል፣ ወላሂ! ተሳሳሙ» አሉ። ሽማግሌዎቹ አባቴን ከወዲህ፣ ጎረቤታችንን ከወዲያ ገፏቸው፤ ተሳሳሙ። አባቴ ጎረቤታችንን ሲለቀው «ወንድሜ፣ ጎድኑንስ ጨረስኸው» አለው።

ሃምሳ አለቃው ተከራካሪዎቹ ታርቀዋል ብሎ ክሱ እንዲዘጋ አደረገ። የበጉን መጨረሻ እንዴት አድርጎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ አይናገርም። ደባርቅ ግን ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። አዛዡ ሙሽራዬን ራሱ ተናግሯልና በግሣጼ ለቀቀው፤ ዋናውን ሚዜ ክረምቱን ሙሉ የኤግዚቢት ክፍል ጠባቂ አደረገው። የሙክቱን ቆዳ እኔ ወሰድሁት። አልፍቼ፣ ለስላሳ አጎዛ አድርጌ፣ አልጋዬ ሥር አነጠፍሁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ ጎረቤታችን ሊጠይቀኝ ደባርቅ ድረስ መጣ። አጎዛው ላይ ተቀምጦ ሕፃኑን መረቀና ሰው ሲወጣ ጠብቆ ወደኔ ጎንበስ አለ።

«ላንቺ ልንገርሽ፤ ይከብደኛል። ያ በግ የአባትሽ ነበር። መንጋዬ ውስጥ ሲመጣ ምልክት አልነበረውም። የኔ እንዳልሆነ እያወቅሁ ቀኝ ጆሮውን ሰነጠቅሁት።»

እኔ ሳቅሁ፤ ምን ልበል? «ጋሼ፣ ይተዉት፤ ተበልቷል» አልሁት። እሱም ቀሎት ሄደ። ለአባቴ አልነገርሁም። ዓመታት አለፉ፤ ጎረቤታችን አረፈ። ከቀብሩ መልስ አባቴ ተከትሎኝ ደባርቅ ቤቴ ገብቶ በዚያው አጎዛ ላይ ተቀመጠና እጁን የአጎዛው ጠጉር ውስጥ ሰደደ።

«በጉ የሱ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። «ግልገል ሳለ ከኛ ሲቀላቀል ግራ ጆሮው ድፍን ነበር። የኔ አልነበረም። ግራውን በማጭድ ቆረጥሁት። ሳልነግረው ሞተ።»

የጎረቤታችንን ቃል ነገርሁት። አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፦ አንዱም የኔ ነው ብሎ አያምንም ነበር። ላላመኑበት በግ ነበር ምንሽሩ ሲወለወል የከረመው። በኛ ግቢና በጎረቤታችን ግቢ መካከል ያለው ቤት አንድ ነው፤ በጎቿ ላይ ምልክት የማታደርገውም አንዲት ሴት ናት።

በማግሥቱ የክርስትና እናቴ ዘንድ ሄድሁ። አርጅታለች፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሁሉንም ነገርኋት። እጇ ከመፈልፈል አላቆመም።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። «ገና ሲገባ ሳየው፣ ከእናቱ ሥር ሲተኛ አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?»

«በሁለት ጠመንጃ መሃል ቆሜ የኔ ነው ልበል? ሁለት ሆነው ያስፈሩኝን ሰዎች ሦስት እንሁን ልበላቸው?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ይስቃል። «ደግሞስ ሐጂ ምን ነበር ያሉት? በጉ የኔ ከሆነ፣ ያረደልሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አልሁ።

«እንዲያ ነው። አሁን ያን አጎዛ አምጪልኝ፤ ወገቤን ብርድ ይዞኛል።»

የዚያኑ ዕለት ደባርቅ ሄጄ አመጣሁላት።